አባቴ ነጥብ መዝጋቢ ነበር

ዘመድ ተደራጅቶ ሊያርስ ባሰበ ቁጥር እኔ ጋ ይደውላል። ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። ግን ስለ ማኅበር የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም። ከአባቴ ደብተር ነው። አባቴ በደርግ ዘመን የመንደራችን የአምራቾች ማኅበር፣ ማለትም መሬታቸውን አዋህደው በጋራ የሚያርሱ ገበሬዎች ማኅበር፣ ነጥብ መዝጋቢ ነበር። ማን አረሰ፣ ማን አረመ፣ ማን ቀረ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ይጽፋል። እኔ ኩራዙን እይዛለሁ። ለሚደውሉልኝ ሁሉ በስልክ የምዘበዝበውን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

መንደራችን ምሥራቅ ጎጃም ነው። ዋልካ መሬት፣ ጤፍና ስንዴ፣ ጓያና ሽምብራ የሚወደው። የገጠር መሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደቡብ ላይ ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ሰው ርስተኛ ነው። ትንሽም ብትሆን የአያት የቅድመ አያቱን ያርሳል። በዚያ ላይ የጎጃም ገበሬ ገመድ ይዞ መሬት ሊለካ የሚመጣ ሰው አይወድም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ ያመፀ አገር ነው። አባቴ "መንግሥት ገመድ ይዞ ከመጣ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም" ይል ነበር። በኋላ ራሱ ገመድ ያዥ ሆኖ አረፈው።

የገበሬ ማኅበሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አልዘገይበትም። 800 ሄክታር የሚያህል ቦታ በአንድ ማኅበር ታቀፈ። አንድ ገበሬ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ተከለከለ። (10 ሄክታር ያለው ሰው እኛ መንደር የት ተገኝቶ!) የኔ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. ደርግ የአምራቾች ማኅበር መመሪያ አወጣ። ሦስት ደረጃ ነበረው። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። በመልባ መሬት ይዋሃዳል፤ ለራስህ ቢበዛ 2,000 ካሬ ሜትር ይተውልሃል። በሬው ያንተው ሆኖ ለማኅበሩ ያርሳል። በወልባ በሬውም ሞፈር ቀንበሩም የማኅበሩ ይሆናል፤ የጓሮህ መሬት ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ወላንድ ደግሞ የግል የሚባል ነገር የማይኖርበት፣ በትራክተር የሚታረስበት ትልቁ ሕልም ነው። እኛ ወላንድ አልደረስንም። ደጀን አጠገብ ያለው የትኖራ ለአገር የሚታይ ምሳሌ ነበር። አባቴንና ሌሎች የኮሚቴ ሰዎችን በመኪና ጭነው ወስደው አስጎበኟቸው። ሲመለስ ስለ ትራክተሩ ሳይሆን ስለ መዝገብ ቤታቸው ነበር ያወራው።

የኛ መንደር በ1973 ዓ.ም. በመልባ ጀመረ። አባላቱ ለምን ገቡ? አንዳንዱ ፈርቶ ነው። አንዳንዱ በሬ ስላልነበረው ነው፤ ለሱ ማኅበሩ እውነተኛ መፍትሔ ነበር። ማዳበሪያም ለአምራቾች በቅድሚያ ይደርሳል፣ ግብሩም ከግል ገበሬው ያነሰ ነው። ደህና ደህናው መሬት ደግሞ ተሰብስቦ ለአምራቾች ተሰጠ። ወንዝ ዳር ያለው፣ ለጥ ያለው። የግል ገበሬው ወደ ተዳፋት ተገፋ። እኛ ልጆች ከብት ስንጠብቅ ከግል ገበሬ ልጆች ጋር የምንደባደበው በዚህ ነበር። ዛሬ "ወጣቶች ተደራጅተው መሬት ተሰጣቸው" ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መሬቱ የማን ግጦሽ ነበር? እዚያ ከብቱን ያሰማራ የነበረ ጎረቤት አለ። ሳታነጋግሩት ከገባችሁ፣ ሌሊት አጥራችሁ ይነቀላል።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። አባቴ የቄስ ትምህርት ነው የተማረው፣ ዳዊት ደጋሚ ነበር። ስለዚህ ነጥብ የሚጽፈው በግዕዝ ቁጥር ነበር፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የቻሉት አባላት ደግሞ የለመዱት 1፣ 2፣ 3ን ነው። ደብተሩን ሲያዩት ምንም አይገባቸውም። አንዱ በስብሰባ ላይ ተነስቶ "ጓድ መዝጋቢ ድግምት ነው የሚጽፉት" አለ። ሰው ሳቀ፣ አባቴ ግን ታመመ። በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ አስነሳኝና "ያንተን ቁጥር አስተምረኝ" አለኝ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንዲህ ነው ለአባቴ አስተማሪ የሆንኩት።

የነጥብ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ይተመናል። እርሻ ከአረም ይበልጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ከምርቱ ላይ የመንግሥት ኮታ ይወጣል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ይወጣል፣ ዘር ይቀመጣል፣ መጠባበቂያ ይቆረጣል። የቀረው ለጠቅላላው ነጥብ ይካፈላል። ለምሳሌ 200 ኩንታል ተርፎ ነጥቡ በሙሉ 10,000 ቢሆን፣ አንድ ነጥብ 2 ኪሎ እህል ነው። 150 ነጥብ ያለው ሰው 3 ኩንታል ወደ ቤቱ ይጭናል።

ችግሩ የት ጋ መሰላችሁ? ይሉኝታ ላይ። አባቴ ማታ ደብተር ዘርግቶ ሲቀመጥ ከፊቱ የሚመጣው ስም የአበልጁ ነው። የክርስትና አባቱ ልጅ ነው። የዕድሩ ዳኛ ነው። ያ ሰው ጠዋት ዘግይቶ መጥቶ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ጠላ ሲጠጣ ውሏል። ግማሽ ነጥብ ሊጽፍበት ነው? እሑድ ቤተክርስቲያን እንዴት ሊተያዩ ነው? ስለዚህ ሙሉ ይጽፋል። ለአንዱ ከጻፈ ለሌላውም ይጽፋል። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ግን እህሉ አልጨመረም! ያው 200 ኩንታል ነው። ነጥቡ ከ10,000 ወደ 12,500 ሲያብጥ አንድ ነጥብ ከ2 ኪሎ ወደ 1.6 ኪሎ ይወርዳል። የሚጎዳው ያ ጠዋት ማልዶ የመጣው ነው። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ማርፈድ ይጀምራል። እኛ ጋ ይህ ለመሆን ሦስት ክረምት ብቻ ነው የፈጀው።

ሰዎች አምራች ማኅበር የወደቀው ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ሌሎች ደግሞ ሐሳቡ ከውጭ ስለመጣ ነው ይላሉ፤ አገራችን አብሮ መሥራት የማታውቅ ይመስል። ያው ሰነፍ የተባለው ሰው እኮ ወንፈል ሲሆን ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚደርሰው። ወንፈል ለምን ይሠራል? ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ዛሬ ላንተ ያረምኩትን በሳምንቱ ለኔ ታርምልኛለህ። ዕዳው በዓይን ይታያል፣ ወቅቱ ሲያልቅም ይዘጋል። ደቦውም እንደዚያው ነው፤ ደጋሹ ያበላል ያጠጣል፣ ሰዉ ይሠራል፣ ማታ ተመራርቆ ይለያያል። ለዓመት የሚቆይ ሂሳብ፣ ያውም በሰው ደብተር ውስጥ፣ ወንፈል ውስጥ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን መፈክር መጋዘናችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ጽፈውት ነበር። ድሩን ማን እንደሚፈትል ግን አልተጻፈም።

አባቴ በአራተኛው ዓመት አንድ ነገር ቀየረ። ነጥብ በቀን መስጠት ተወ። አረምና አጨዳን በገመድ ለክቶ ማከፋፈል ጀመረ። ይህን ያህል ገመድ ያረመ ይህን ያህል ነጥብ፣ በጠዋት ቢጨርስ ወደ ቤቱ ይሂድ። ማታ ደግሞ ከማሳው ሳይነሱ፣ ሁሉም ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ያነባል። ተቃውሞ ያለው እዚያው ይናገራል። ይህ ዘዴ የሰውን ፊት ከማየት አዳነው። የሚፈርደው ገመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ያን ዓመት አረሙ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት አለቀ። ለእርሻ ግን ዘዴው አልሠራም። በገመድ ሲለካ ሰው ለመጨረስ ይሮጣል፣ ማረሻው ላይ ላዩን ይጭራል። እርሻ ጥልቀት አለው፤ ጥልቀትን ደግሞ ገመድ አይለካውም።

በሬውን ሳላወራ አላልፍም። በ1977 ዓ.ም. ወልባ ሆንን ተባለ። በሬዎች ተገመቱ፣ ዋጋቸው ተጻፈ፣ ለባለቤቶቹ ቀስ በቀስ ሊከፈል ተወሰነ። በሬዎቹ ወደ ማኅበሩ በረት ገቡ። አጎቴ ዳልቻ የሚባል በሬ ነበረው። ማታ ማታ ከቤቱ ይወጣል። የት እንደሚሄድ ሚስቱ አታውቅም፣ ሌላ ነገር ጠርጥራ ነበር። አንድ ሌሊት ተከትላው ብትሄድ፣ በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ ዳልቻን ጨው ሲያስልሰው አገኘችው። ይህ ታሪክ ዛሬም በሠርግ ላይ እየተሳቀ ይወራል። እኔ ግን ዳልቻ በሁለት ዓመት ውስጥ አጥንቱ ሲቆጠር አይቻለሁ። ዛሬ የዘመድህ ልጅ፣ ነገ ሌላው ነው የሚጠምደው። ድርቆሽ የመስጠት ተራ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የበሬው ትከሻ ሲቆስል የሚያየው የለም።

እናቴ ግን ያንን ዘመን ክፉ አትለውም። ወፍጮ መጣላት። ማኅበሩ በመጠባበቂያው ገንዘብ የናፍጣ ወፍጮ አቆመ። እስከዚያ ድረስ ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነስታ በእጅ ትፈጭ ነበር። "ነጥቡን ተዉት፣ እኔን ወገቤን ያዳነኝ አምራች ነው" ትላለች። ነገር ግን የሷም ቅሬታ አለ። አረም ስትውል ነጥቧ የሚጻፈው በአባቴ ስም ነበር። ደብተሩ ውስጥ እናቴ የለችም። እነዚያን ደብተሮች ዳር እስከ ዳር አገላብጫለሁ፣ ስሟ አንድም ቦታ የለም።

ከዚያ መንደር ምሥረታ መጣ። ቤታችንን አፍርሰን፣ ምሰሶውን ተሸክመን ሜዳ ላይ በመስመር ሠራን። ለትምህርት ቤት ቀረብን፣ ይህ ጥሩ ነው። ጌሾው፣ ጓሮው፣ ስንት ዓመት እበት የጠጣው የቤት ዙሪያ መሬት ግን እዚያው ቀረ። በቆሎ እሸት ከጓሮ ቆርጦ መብላት የቀረው ያኔ ነው።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን አወጀ። ከማኅበር መውጣት የሚፈልግ ይችላል ማለት ነበር። ዜናውን በሬዲዮ ሰማን። በሳምንቱ ማኅበሩ አልነበረም። ማንም "እንቀጥል" አላለም፣ በሬ አልነበረኝም ብሎ የገባው እንኳን። ከሁሉ የከፋው ግን መበተኑ ሳይሆን አበታተኑ ነው። ሲመሠረት እንዴት እንደሚገባ ሦስት ገጽ ተጽፏል፤ እንዴት እንደሚወጣ አንድ መስመር የለም። በሬዎቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። ዳልቻ ለአጎቴ አልደረሰውም። የመጋዘኑ ቆርቆሮ በፍሬ ተቆጠረ። የተጻፈው የበሬ ዋጋ ተከፍሎ አላለቀም ነበር፤ ማን ይክፈለው? ወፍጮው አይቆረጥም። "ይሸጥ" ያለ አለ፣ "አይሸጥም" ያለ አለ። ሲከራከሩበት ሞተሩ በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ተወሰደ። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው።

አባቴ ስምንት ዓመት ሙሉ በነጥብ ሥራው ያተረፈው ነገር ቢኖር ቅፅል ስም ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበርና በመሳሰለው አመራር ላይ የነበሩ ሰዎች "ቢሮክራት" ተባሉ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲይዝ ለእነሱ የተተወላቸው አንድ ሄክታር ነበር፤ በኛ አቆጣጠር አራት ጥማድ። አባቴም ደብተር ይዞ ስለነበረ ከነሱ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ በመንደራችን ለማንኛውም ኮሚቴ ሰው ሲጠየቅ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። "እገሌ እስክሪብቶ ይዞ ምን አገኘ?" ይላሉ። ጎበዝ ሰው ለምን ኃላፊ መሆን አይፈልግም ብላችሁ ከተገረማችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የወንድሜ ልጅ ደወለ። "ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሆነን በመስኖ ሽንኩርት ልንዘራ ነው፣ ደብተር ያዝልን።" ለአባቴ ነገርኩት። አርጅቶ ነበር። "የሰው ደብተር አትያዝ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔ ግን ያዝኩት። ባሕር ዳር እየሠራሁ በየወሩ እሄዳለሁ፤ በመሃል የዕለቱን ሥራ የሚመዘግበው ከመሃላቸው በየሳምንቱ እየተቀያየረ ነው። መዝጋቢ ሲቀያየር ማንም ለማንም አያዳላም፤ በሚቀጥለው ሳምንት በራሱ ላይ እንደሚጻፍ ያውቃል።

መጀመሪያ ያስጻፍኳቸው የመውጫውን ነገር ነው። ገና ችግኝ ሳይተከል "ከመሃላችን አንዱ ቢወጣ" ብዬ ስጀምር ፊታቸው ጠቆረ። ሟርት መሰላቸው። "በሠርግ ቀን ፍቺ ይወራል እንዴ?" አለኝ አንዱ። የውሃ መሳቢያ ሞተሩን የገዛነው በስንት ነው፣ በዓመት ስንት ያረጃል፣ የሚወጣ ሰው ድርሻው በስንት ጊዜ ይከፈለዋል፣ በመስኖ መሃል መውጣት ይችላል ወይስ ምርት እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ሁሉንም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አስገባነው። ሕጋዊ ሰውነት ለማግኘት ደንብ ማስገባት የግድ ነውና፣ ብዙ ሰው ከሌላ ማኅበር ገልብጦ ስሙን ብቻ ቀይሮ ያስገባል። ይህን አታድርጉ። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ፣ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ አሁን ባለው 985/2009፣ ገንዘቡ የበዛም ያነሰም አባል ድምፁ አንድ ነው። የዓመት ኦዲትም አለ። ዕለታዊው ጣጣ ግን ለእናንተ ደንብ የተተወ ነው፤ ሰው የሚጣላው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ሞተሩን "የጋራ" ብለን አልተውነውም። ለአንድ ሰው ሰጠነው። ዘይቱን የሚያየው እሱ ነው፣ ሞተሩ የሚያድረውም እሱ ቤት ነው፤ ለዚህ ተጨማሪ ነጥብ አለው። ዳልቻን እያሰብኩ ነው ይህን ያልኩት፣ ለነሱ ግን አልነገርኳቸውም። አረምና ለቀማ በመደብ ተለክቶ ይሰጣል። ውሃ ማጠጣት ግን በቀን ነው፤ ምክንያቱም እሱም እንደ እርሻው ነው፣ የሚሮጥበት ሰው ያበላሸዋል። ሚስቶች ከሠሩ በራሳቸው ስም ይመዘገባሉ። እዚህ ላይ ሁለት ወንዶች አንገራገሩ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ስለ ደብተሩ ነገረቻቸው፣ ዝም አሉ።

ሁሉም ነገር ሰመረ እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርት ዋጋው ወድቆ ኩንታሉን ለደላላ በነፃ ከመስጠት ባልተሻለ ዋጋ ሸጥን። በሁለተኛው ዓመት የናፍጣ ደረሰኝ የጠፋበት ወር ነበረና አንድ ሙሉ ቀን ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ለሁሉም በቴሌግራም ይላካል። አባቴ ቢያይ ኖሮ ይህ ነገር በጣም ይገርመው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አንዱ ልጅ መውጣት ፈለገ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ነው። ድርሻው ተሰላ፣ በአራት ጊዜ እንዲከፈለው ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ማንም አልተቀየመም ማለት አልችልም፤ ሞተሩን የያዘው ልጅ ሁለት ቀን አላናገረውም። ሊሄድ ሲል ልጁ "ጋሼ፣ ገጼን ላንብበው" አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ማሳው ዳር ቆሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነበበው፤ ያረፈደባቸውን ቀኖች ሲደርስ እየሳቀ ጮክ ብሎ። ሌሎቹ ሽንኩርቱን በቅርጫት እየሞሉ ይሰማሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና "ይቺ ግን ትክክል አይደለችም፣ የዚያን ቀን ሙሉ ውያለሁ" አለ። የጻፈችው ልጅ ቅርጫቷን አስቀምጣ መጣች፣ ቀኑን አየች፣ አሰበች። እስክሪብቶ ጠይቃኝ አስተካከለችው።